የድሮ ሜቶዲስት ዘመድ ፍለጋ፦ የቱ ሰርቪስ ያዋጣል?

ከፈረንጅ ጋር የተጋባችሁ ወይ ልጆቻችሁ ግማሽ እንግሊዝ የሆኑባችሁ ይሄን ሪቪው ብታነቡት ገንዘብ ይቆጥብላችኋል፣ ሌሎቻችሁም ለጨዋታ ያህል አንብቡት። ነገሩ እንዲህ ነው፣ የባሌ ወገኖች የኮርንዎል ሰዎች ናቸው፣ ደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ጫፍ ላይ፣ ለትውልድ ትውልድ ቆርቆሮና መዳብ ሲቆፍሩ የኖሩ፣ ሃይማኖታቸው ደግሞ ሜቶዲስት የሚባለው የፕሮቴስታንት ክፍል። አማቴ ጡረታ ከወጣች ጀምሮ የቤተሰቡን ታሪክ ሳልጨርስ አልሞትም ብላ ተነስታለች፣ ኮምፒውተር ላይ ግን ትዕግስት የሚባል የላትም፣ ስለዚህ ስራው ማን ላይ ወደቀ፣ እኔ ላይ። አንድ ቀን ቡና ላይ እኛ ጋ ለጋብቻ ሲባል ሰባት ቤት ይቆጠራል ብዬ ብነግራት ከዛ ወዲህ የዘር ቆጠራ ባለሙያ አድርጋ ነው የምታየኝ። እና የሞከርኳቸውን ሰርቪሶች ልንገራችሁ፣ ዓመተ ምህረቱ በሙሉ በፈረንጅ ነው።

ከሚከፈልበት ልጀምር። ስሙን አልጠራም፣ በዓመት ከመቶ ፓውንድ በላይ የሚያስከፍል የዘር ፍለጋ ድረ ገጽ ነው። አከፋፈሉ ቀላል ነው፣ ካርድ አስገብተሽ በሁለት ደቂቃ አባል ነሽ፣ ስም ጻፍ ስታደርጊ ደግሞ ወዲያው ቅጠል ምናምን እያብለጨለጨ "ዘመድህን አገኘንልህ" ይልሻል። አማቴ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ችግሩ ያገኘልን ሰውዬ ስሙ አንድ ነው እንጂ የተወለደው ሌላ ካውንቲ ነው፣ ያውም ልጅ ወለደ የተባለው በዘጠኝ ዓመቱ ነው። ይሄን አንድ ሰው የሆነ ጊዜ በስህተት ትሪው (የዘር ሐረጉ) ላይ አስገብቶታል፣ ሌላው ከሱ ኮፒ አድርጓል፣ ሌላው ከዛኛው፣ አሁን በጣም ብዙ ሰው ትሪ ላይ ያው የዘጠኝ ዓመት አባት ቁጭ ብሏል፣ ሲስተሙም ብዙ ሰው ስላስገባው እውነት ነው ብሎ ይመክርሻል። ኮርንዎል ውስጥ ደግሞ ስም ማለት ጉድ ነው፣ በትሬ፣ በፖልና በፔን የሚጀምር የቤተሰብ ስም መዓት ነው፣ የፊት ስሙም ጆን፣ ዊልያም፣ ቶማስ፣ ከዛ ወዲያ የለም፣ ባንድ መንደር ባንድ ዘመን አራት ጆን እከሌ ይኖራሉ። ዓመቱ ሲያልቅ ሳይጠይቁ ከካርድ ላይ ቆረጡ፣ ካንሰል ለማድረግ የሚጫነው ቦታ የት እንደተደበቀ ለማግኘት ራሱ ሌላ ሪሰርች ነው፣ ስልክ ብደውል አንዱ ለአንዱ እያስተላለፈኝ ሙዚቃ ሲያሰማኝ ዋለ። የዶክመንቶቹ ፎቶ ጥራት ግን እውነት ለመናገር አሪፍ ነው፣ እሱን አልክድም፣ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

እንግዲህ ዋናው ነገር ምን መሰላችሁ፣ የድሮ ሜቶዲስቶችን ሰርች ላይ ስም ብቻ አስገብቶ ማግኘት አይቻልም፣ ሰርቪሱ የፈለገውን ያህል ቢያስከፍል አይቻልም፣ ቤተ ክርስቲያኑ እንዴት ይሰራ እንደነበር ካልገባሽ መዝገቡ የት እንዳለ አይገባሽም። ይሄን ደግሞ አንዱም የሚከፈልበት ድረ ገጽ ከፊት ለፊት አይነግርሽም፣ ምክንያቱም ከነገረሽ ግማሹን በነጻ ታገኚዋለሽ።

ጆን ዌስሊ የሚባለው መስራቹ አዲስ ሃይማኖት ልመሰርት ብሎ አልተነሳም። ራሱ የአንግሊካን፣ ማለትም የእንግሊዝ ብሔራዊ ቤተ ክርስቲያን፣ ቄስ ነበር፣ በ1791 ሲሞትም የአንግሊካን ቄስ ሆኖ ነው የሞተው። ከወንድሙ ከቻርልስ ጋር በ1730ዎቹ መጨረሻ ሜዳ ላይ መስበክ ሲጀምር ተከታዮቹን ይል የነበረው እሁድ ጠዋት አጥቢያችሁ ሂዱ፣ ቁርባንም እዛው ተቀበሉ፣ እኛ ጋ ግን በሌላ ሰዓት ተሰብሰቡ ነው። ስለዚህ በ1760ዎቹ ወይ 70ዎቹ ዋነኛ ሜቶዲስት የነበረ ሰው ልጁን ክርስትና ያስነሳው አንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ነው፣ የተቀበረውም እዛው ግቢ ነው፣ አብዛኛው ቻፕል (የሜቶዲስቶቹ የጸሎት ቤት) የመቃብር ቦታ እንኳን አልነበረውም። ሰርግማ ጭራሽ፣ ከ1754 ጀምሮ በወጣው የጋብቻ ህግ ከኩዌከርና ከአይሁድ በስተቀር ሁሉም ሰው አንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ካልተጋባ ጋብቻው አይጸናም ነበር፣ ይሄ እስከ 1837 ቆየ። እና አማቴ "የኛ ሰዎች ሜቶዲስት ናቸው፣ አንግሊካን መዝገብ ውስጥ ምን ይሰራሉ?" እያለች ስትከራከረኝ፣ ዘመዶቿ በሙሉ እዛው የአጥቢያው መዝገብ ላይ ተሰልፈው ይጠብቁን ነበር። ሜቶዲስቶች በየቻፕላቸው ቁርባን ማቀበል በይፋ የተፈቀደላቸው ዌስሊ ከሞተ በኋላ በ1795 በተደረገ ስምምነት ነው፣ የራሳቸው የጥምቀት መዝገብም በብዛት የሚገኘው ከዛ ወዲህ ያለው ነው።

ሁለተኛው ጣጣ ሰርኪዩት የሚሉት ነገር ነው። አንድ ሰርኪዩት ማለት ብዙ መንደር ውስጥ ያሉ ቻፕሎች በአንድ ላይ የሚተዳደሩበት ሲሆን ሰባኪዎቹ በፈረስም በእግርም እየዞሩ ነው ያገለግሉ የነበረው፣ በዛ ዘመን አንድ ቄስ አንድ ሰርኪዩት ላይ ከሶስት ዓመት በላይ አይቆይም ነበር፣ ይነሳና ሌላ ቦታ ይመደባል። የጥምቀት መዝገቡም አብዛኛውን ጊዜ የሰርኪዩቱ ነው እንጂ የቻፕሉ አይደለም። ስለዚህ የመንደሩን ቻፕል ስም ይዘሽ ስትፈልጊ "ምንም አልተገኘም" ይልሻል፣ ልጁ ግን አስር ኪሎ ሜትር ርቃ ባለች ከተማ ስም በተሰየመ መዝገብ ውስጥ አለ። እዚህ ላይ የሰርኪዩቱን ስም ያወቀ ሰው ካላወቀው ሰው ወራት ይቀድማል።

ነጻዎቹን ልንገራችሁ። ፋሚሊሰርች የሚባለው የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን ያቋቋመው ድረ ገጽ ነው፣ አካውንት መክፈት ብቻ ነው፣ ክፍያ የለም። ከ1837 በፊት የነበሩ የሜቶዲስት ጥምቀቶች ኢንዴክሳቸው (የስም ማውጫቸው) በብዛት እዛ አለ፣ ፎቶውን ሁልጊዜ አታገኙትም ግን ስም፣ ቀን፣ የወላጅ ስምና የሰርኪዩቱን ስም ካገኛችሁ ከዛ በላይ ምን ትፈልጋላችሁ። ድክመቱ ሰርቹ ነው፣ የስም አጻጻፍ ትንሽ ከተለየ ይጠፋበታል፣ በዛ ዘመን ደግሞ ማን ስሙን በትክክል ይጽፍ ነበር፣ ሰባኪው ከሌላ አገር መጥቶ በኮርንዎል አነጋገር የሰማውን እንደመሰለው ነው የሚጽፈው። ኮከብ ምልክቷን እየተጠቀማችሁ የስሙን መጀመሪያ ብቻ አስገቡ፣ ይሻላል።

ለኮርንዎል ደግሞ የኮርንዎል ኦንላይን ፓሪሽ ክለርክስ የሚባል አለ፣ በጎ ፈቃደኞች መዝገቡን ከነህዳጉ እያነበቡ የገለበጡበት ዳታቤዝ ነው። መልኩን አይታችሁ አትናቁት፣ ዲዛይኑ የ2003 ይመስላል፣ ውስጡ ግን ወርቅ ነው። ዋናው ጥቅሙ ምንድነው፣ የሚገለብጡት ሰዎች አገሩን ያውቁታል፣ የመንደሩን ስም አይሳሳቱም፣ ሰባኪው ዳር ላይ የጫራትን ነገር ራሱ ያስገባሉ። ለኔ ከሁሉም በላይ ሰዓት ያተረፈልኝ ይሄ ነው፣ ያለ ምንም ማስታወቂያ፣ ያለ ካርድ።

ከሐምሌ 1837 ወዲህ ለሆነ ሰው ደግሞ የመንግስት የልደት ምዝገባ ተጀምሯል፣ ጂአርኦ የሚባለው መስሪያ ቤት የኦንላይን ኢንዴክሱን በነጻ ታዩታላችሁ፣ የእናትየው የአባት ስም ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ገብቶበታል። አራቱን ጆን የምትለዩት በሱ ነው። ሰርተፊኬት መግዛት ከፈለጋችሁ እዛው በቀጥታ ግዙ፣ ኢንተርኔት ላይ እጥፍ እያስጨመሩ አማላጅ የሚሆኑ ሳይቶች አሉ፣ ተጠንቀቁ።

አሁን ወደምወደው ልምጣ። ክሬሰን ከርኖው ይባላል፣ ሬድሩዝ ከተማ፣ የኮርንዎል መዝገብ ቤት ነው፣ በ2019 የተከፈተ፣ ቤቱ የድሮ ቢራ ፋብሪካ ነበር፣ ድንጋዩን ሳያፈርሱ ነው ያደሱት። መግቢያ ነጻ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ድረ ገጹን አይታችሁ ቦታ ያዙ፣ የምትፈልጉትን ዶክመንት ቁጥር ከካታሎጉ ላይ ጽፋችሁ ሂዱ፣ መታወቂያችሁን አትርሱ፣ እስክሪብቶ አይፈቀድም እርሳስ ብቻ። እኔና አማቴ ሄደን ያጋጠሙን ሰራተኞች ነገረኛ አይደሉም፣ ጥያቄሽን ሰምተው "ይሄን ሳይሆን ያንን ነው የምትፈልጊው" ይሉሻል፣ ይሄን የሚያክል ሰርቪስ የትኛውም ሰብስክሪፕሽን ውስጥ የለም።

እዛ ያየነው የ1840ዎቹ የሰርኪዩት ጥምቀት መዝገብ ነበር። ትልቅ የታተመ ቅጽ ነው፣ ገጹ በመስመር ተከፋፍሎ የልጁ ስም፣ የአባትና የእናት ስም፣ መኖሪያ፣ የአባት ስራ፣ የተወለደበት ቀን፣ ክርስትና የተነሳበት ቀን፣ ያጠመቀው ሰባኪ ፊርማ አለው። ስራ በሚለው ስር ከላይ እስከ ታች ማዕድን ቆፋሪ፣ ቆፋሪ፣ ቆፋሪ፣ አልፎ አልፎ አንድ አንጥረኛ ወይ ጫማ ሰሪ። መኖሪያው ደግሞ ካርሃራክ፣ ሴንት ዴይ፣ ላነር እያለ ይዘላል፣ የሁሉም መንደር ልጅ አንድ ገጽ ላይ ነው። የአማቴ ቅድመ አያት ከሁለት ታላላቆቹ ጋር ባንድ ቀን ነው ክርስትና የተነሳው፣ አንዱ የስድስት ዓመት ልጅ ነበር! አማቴ ይሄን ስታይ እናቱ ቸልተኛ ነበረች ማለት ነው ብላ ተቆጣች፣ እኔ ደግሞ ገጹ ላይ ሌሎችም ቤተሰቦች በዛው ቀን ሁለት ሶስት ልጅ እንዳስጠመቁ አሳየኋት፣ ተዟዟሪ ሰባኪ በመጣ ቀን የተጠራቀመው ሁሉ ይጠመቃል፣ ቀላል ነው። ፊርማው የማን እንደሆነ ካነበባችሁ ሌላም ይጠቅማል፣ ቄሶቹ በየዓመቱ የት እንደተመደቡ የኮንፈረንሱ (የሜቶዲስቶች ዓመታዊ ጉባኤ) ቃለ ጉባኤ ታትሞ ይወጣ ስለነበር፣ ቀን የሌለው ወረቀት ብታገኙ በቄሱ ስም ዓመቱን ትገምታላችሁ።

ከመዝገቡ ሌላ ሰው የማይጠይቃቸው ነገሮች አሉ። አንዱ የክላስ ዝርዝር ነው። ክላስ ማለት ልክ እንደኛ ጽዋ ማኅበር አስራ ሁለት የሚያህል ሰው በየሳምንቱ የሚገናኝበት ሲሆን መሪ አለው፣ መዋጮም አለው፣ የተጀመረውም በ1742 ብሪስቶል ውስጥ ለመሰብሰቢያ ቤቱ የገባባቸውን እዳ ለመክፈል በሳምንት አንድ ፔኒ ከየሰው እንሰብስብ ተብሎ ነው፣ ከዛ መንፈሳዊ ነገር ሆኖ ቀረ። በደንብ የሚከታተል አባል በየሶስት ወሩ ቲኬት ይሰጠዋል፣ ትንሽዬ የታተመች ወረቀት፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ፣ መሃል ላይ አንድ ትልቅ ፊደል፣ ስር በእጅ የተጻፈ የአባሉ ስም። በሰዎች ቤት አሮጌ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ተወትፋ የምትገኘው እሷ ናት፣ ካላችሁ እንዳትጥሏት፣ ፊደሏ የየትኛው ሩብ ዓመት እንደሆነች ስለምታሳይ ቀን ማውጣት ይቻላል። የአባላት ዝርዝሩ ላይ ደግሞ ከስሙ ጎን "ሞተ"፣ "ወደ ሌላ ቦታ ሄደ"፣ "ተሰደደ" እየተባለ ይጻፋል። ኮርንዎል ማዕድኑ ሲደክም ቆፋሪዎቹ ደቡብ አውስትራሊያ ሙንታ፣ ካሊፎርኒያ ግራስ ቫሊ፣ ሜክሲኮ ሪያል ዴል ሞንቴ ድረስ ነው የተበተኑት፣ ቻፕላቸውንም ተሸክመው። አንድ ዘመዳችሁ ከህዝብ ቆጠራ ላይ ድንገት ከጠፋ ሞቷል ብላችሁ አትቅበሩት፣ የክላሱን ዝርዝር እዩ። የመቀመጫ ኪራይ መዝገብም አለ፣ ቻፕል ውስጥ ወንበር በየሩብ ዓመቱ ይከራዩ ስለነበር ማን የት እንደተቀመጠ፣ ስንት እንደከፈለ፣ ማን ውዝፍ እንዳለበት ተጽፏል፣ አማቴ የዘመዷን ውዝፍ አይታ ሁለት ቀን አፈረች።

ሶስተኛው ጣጣ የትኛው ሜቶዲስት የሚለው ነው። ዌስሊ ከሞተ በኋላ ተከፋፍለው ተከፋፍለው አለቁ። ኒው ኮኔክሽን በ1797 ወጣ፣ ፕሪሚቲቭ ሜቶዲስቶቹ በ1807 ማው ኮፕ ኮረብታ ላይ ቀኑን ሙሉ ሜዳ ላይ ጸሎት አድርገው በዛ ሰበብ ተገፍተው በ1811 ለብቻቸው ተደራጁ፣ ባይብል ክርስቲያንስ የሚባሉት በ1815 ዴቮንና ኮርንዎል ውስጥ ተነሱ፣ ሴት ሰባኪዎችም ነበሯቸው፣ ዌስሊያኖቹ፣ ማለትም በዋናው የዌስሊ ወገን የቀሩት፣ በ1803 ሴት እንዳትሰብክ አጥብቀው ከከለከሉ በኋላ። ሁሉም በየራሱ ሰርኪዩት በየራሱ መዝገብ፣ አንዳንዴ አንድ ትንሽ መንደር ውስጥ ሶስት ቻፕል አለ፣ ሶስቱም ሜቶዲስት፣ አይነጋገሩም። አንድ የሆኑት በ1932 ነው። ስለዚህ ቤተሰቡ "ሜቶዲስት ነበርን" ሲላችሁ የቱ ብላችሁ ጠይቁ፣ ካላወቁ ሁሉንም ማየት ነው።

በነገራችን ላይ ከነዚህ ቅርንጫፎች አንዱ በ1857 የተመሰረተው ዩናይትድ ሜቶዲስት ፍሪ ቸርችስ ነው፣ እሱ ላይ ሳነብ ማን ብቅ ቢል ጥሩ ነው፣ ክራፕፍ! ያ ከ1839 እስከ 1842 ሸዋ፣ አንኮበር፣ ንጉስ ሳህለ ስላሴ ጋ የነበረው ጀርመናዊ ሚሲዮን። ከዓመታት በኋላ ለነዚህ ሜቶዲስቶች መንገድ መሪ ሆኖ ሞምባሳ ይዟቸው ሄደ፣ በ1862 ሪቤ የሚባል ቦታ ጣቢያ ከፈቱ፣ ሃሳባቸው ከዛ ተነስተው ወደ ኦሮሞ አገር ለመድረስ ነበር። ለአማቴ ይሄን ሳወራላት ደስ አላት፣ ዘመድ ሆንን ማለት ነው አለች። የሜቶዲስት ሚሲዮኖች ወረቀት ለንደን ሶአስ ዩኒቨርሲቲ ነው ያለው፣ የኢትዮጵያ ታሪክ የምታጠኑ ልጆች ልብ በሉ፣ አብዛኛው ሰው የሚሄደው ወደ አንግሊካኖቹ ሚሲዮን ፋይል ብቻ ነው።

ማንቸስተር ያለው ጆን ራይላንድስ ላይብረሪስ? የሜቶዲስቶች ዋና አርካይቭ ከ1977 ጀምሮ እዛ ነው፣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ እዛ ነው የሚሮጠው፣ እኔ ግን ለቤተሰብ ፍለጋ ብላችሁ ባቡር አትሳፈሩ ነው የምለው። እዛ ያለው የዌስሊዎቹ ደብዳቤ፣ የኮንፈረንሱ ወረቀት፣ የቄሶች ጉዳይ ነው፣ የየመንደሩ ቻፕል ጥምቀት መዝገብ የለም፣ እሱ በየካውንቲው መዝገብ ቤት ነው ያለው፣ ራሳቸውም በግልጽ ይናገራሉ። ዘመዳችሁ ቄስ ከነበረ ግን ከሱ የሚሻል ቦታ የለም፣ ከ1778 ጀምሮ በስም እየተቀያየረ የወጣው የሜቶዲስት መጽሔትም አለ፣ ውስጡ ያለው የሙታን ታሪክ የሚገርም ነው፣ ተራ ሴትዮ ራሷ ሁለት ገጽ ይጻፍላታል፣ እንዴት እንደታመመች፣ ሲጨንቃት ምን እንዳለች። ህንጻውን ለማየት ግን በማንኛውም ሰበብ ሂዱ፣ በ1900 የተከፈተ፣ ኤንሪኬታ ራይላንድስ የምትባል ሀብታም ሴት ለባሏ መታሰቢያ ያሰራችው፣ ውስጡ ስትገቡ ካቴድራል ነው የሚመስላችሁ፣ የዮሐንስ ወንጌል የፓፒረስ ቁራጭም እዛ አለ፣ የእጅ መዳፍ አታክልም።

አሁን ወደ ሚከፈልበት ሳይት የዶክመንት ፎቶ ልመለስ። በ1836 መንግስት አጣሪ ኮሚሽን አቋቁሞ አንግሊካን ያልሆኑ ቤተ እምነቶች መዝገባቸውን እንዲያስረክቡ ጠየቀ፣ ብዙዎቹ ሰጡ፣ አንዳንዶቹ እምቢ አሉ። የተሰጠው አሁን ለንደን ኪው፣ ናሽናል አርካይቭስ ውስጥ አርጂ 4 በሚባል ቁጥር ስር ነው፣ ስለዚህ ከ1837 በፊት ያለው ኦሪጅናል ኪው፣ ከዛ በኋላ ያለው ደግሞ ካውንቲው ጋ ነው፣ ይሄን አንድ ዓረፍተ ነገር ካወቃችሁ ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት የናሽናል አርካይቭስን ዲስከቨሪ ካታሎግ ክፈቱና የቦታውን ስምና አርጂ 4 ብላችሁ ጻፉ፣ የትኛው ሰርኪዩት ከየት እስከ የት ዓመት መዝገብ እንዳለው በነጻ ያሳያችኋል። የለም ካለ አትክፈሉ፣ አለ ካለ ያኔ ለሚከፈልበት ሳይት የአንድ ወር ብቻ ክፈሉ፣ ፎቶውን አውርዱ፣ በዛው ቀን ካንሰል አድርጉ። ኪው በአካል ከሄዳችሁ የሚከፈልባቸውን ሳይቶች እዛው ኮምፒውተር ላይ በነጻ ታያላችሁ፣ ብዙ የሰፈር ላይብረሪዎችም አንዱን ወይ ሌላውን ይሰጣሉ፣ የላይብረሪ ካርድ ብቻ ነው፣ ይሄን ስንቱ ሰው አያውቀውም።

ዘመዳችሁ ለንደን አካባቢ ከሆነ ወይ ቤተሰቡ ትንሽ ኑሮው ደህና ከነበረ ደግሞ ዌስሊያኖቹ በ1818 ለንደን ፓተርኖስተር ሮው ላይ የራሳቸው የልደት መመዝገቢያ ከፍተው ነበር፣ ከአስር ሺህ በላይ ልደት ገብቷል፣ እሱም አሁን ኪው ነው ያለው። እዛ ላይ ከወላጆቹ አልፎ የእናትየው እናትና አባት ስም ይጻፋል፣ በአንድ ወረቀት ሶስት ትውልድ! እኛ አላገኘንም፣ ቆፋሪ ማን ገንዘብ ከፍሎ ለንደን ያስመዘግባል።

የ1851 የሃይማኖት ቆጠራም አይለፋችሁ። መጋቢት 30 ቀን እሁድ እያንዳንዱ ቤተ ክርስቲያንና ቻፕል ቅጽ እንዲሞላ ተደረገ፣ ቤቱ መቼ እንደተሰራ፣ ስንት ነጻ ወንበር ስንት የኪራይ ወንበር እንዳለው፣ ጠዋት ከሰዓትና ማታ ስንት ሰው እንደመጣ፣ ስር ላይ የሞላው ሰው ስምና ስራ። የቤተሰብ ስም ዝርዝር የለውም፣ ግን ቅጹን የሞላው ሽማግሌ ዘመዳችሁ ሊሆን ይችላል፣ ፊርማውንም ታያላችሁ። ደስ የሚለው ማመካኛቸው ነው፣ ሰው ያነሰበት ሁሉ አየሩ ከፋ፣ የእናቶች እሁድ ስለሆነ ወጣቱ ወላጆቹ ጋ ሄደ፣ በሌላ ቀን ቢሆን ሞልቶ ይፈሳል እያለ ነው የሚጽፈው። ናሽናል አርካይቭስ ውስጥ ቁጥሩ ኤች ኦ 129 ነው።

ዌስትሚንስተር ሴንትራል ሆል ውስጥ ያለው ሂስቶሪክ ሮል ጥንታዊ ባይሆንም ለፎቶ ጥሩ ነው፣ ከ1899 ጀምሮ አንድ ጊኒ (የድሮ የእንግሊዝ ገንዘብ) ያዋጣ ዌስሊያን ሁሉ ስሙ የሰፈረባቸው 50 ትልልቅ ጥራዞች፣ ቅደም ተከተሉ በሰርኪዩትና በቻፕል ነው፣ እዚህም ያው ሰርኪዩቱን ካላወቃችሁ ድካም ብቻ።

ከወረቀት ሲሰለቻችሁ አገሩን ዙሩት። ሬድሩዝ አጠገብ ግዌናፕ ፒት አለ፣ መሬቱ ሰርጉዶ የሆነ ክብ ጉድጓድ፣ ዌስሊ ከ1762 እስከ 1789 ድረስ 18 ጊዜ የሰበከበት፣ አሁን ሳሩ ደረጃ ደረጃ ሆኖ ተሰርቷል፣ ገብታችሁ ቁጭ ማለት ትችላላችሁ። ኬርሊ ዳውንስ ላይ ቢሊ ብሬይ የሚባል ጠጪ የነበረ ቆፋሪ በኋላ ባይብል ክርስቲያን ሰባኪ ሆኖ የሰራት ቻፕል አለች፣ ሶስት መስኮት ስላላት ሶስት ዓይና ይሏታል። ሌላው ቻፕል ግን አብዛኛው ተሽጦ መኖሪያ ቤት ሆኗል፣ የኛም ሰዎች ቻፕል አሁን የሆነ ሰው ሳሎን ነው፣ በመስኮቱ ትልቅ ቴሌቪዥን ይታያል። ግድግዳው ስር የመሰረት ድንጋዩ አለ፣ የአስቀማጮቹ ስም ተቀርጿል፣ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ፎቶ አንሱ፣ እኛን ሻይ ጋብዘውናል።

አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ታሪኩ ትንሽ ይለያል፣ እዛ ሜቶዲስቶቹ በ1784 ባልቲሞር ላይ የራሳቸውን ቤተ ክርስቲያን መስርተው በነ ፍራንሲስ አስበሪ በፈረስ ነው አገሩን ያዳረሱት። ዋናው አርካይቭ ለብዙ ዓመት ኒው ጀርሲ ድሩ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የቆየው ነው፣ ግን እዛም ያው ነው፣ የአጥቢያ መዝገብ ከፈለጋችሁ ቀድማችሁ የምትጠይቁት የየክልሉን አንዩዋል ኮንፈረንስ አርካይቭ ነው።

ነጥብ ስጪ ካላችሁኝ ክሬሰን ከርኖው አምስት ከአምስት፣ የኮርንዎሎቹ በጎ ፈቃደኞች አምስት፣ ፋሚሊሰርች አራት፣ ሰርቹን ቢያስተካክሉ አምስት ነበር። ራይላንድስ ለህንጻው አምስት ለቤተሰብ ፍለጋ ሁለት፣ ጥፋቱ የነሱ አይደለም። የሚከፈልበት ሳይት ለፎቶው ሶስት፣ ለሌላው ነገሩ አንድ፣ የቅጠሏን ምክር አጥፉት። አማቴ አሁን የእናቷን ወገን ጀምሪልኝ ብላ ተነስታለች፣ አየርላንድ ናቸው አሉ፣ የአየርላንድ ሜቶዲስት መዝገብ ቤልፋስት ይሻላል ደብሊን የሚያውቅ ካለ እባካችሁ ጻፉልኝ፣ ሴትየዋ ማታ ማታ እየደወለች ነው።